የ1950ዎቹ መርኩሪ ይነሳል ግን ጉልበት የለውም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ሚኒሶታ ነው፤ ጎረቤቴ ጋራዡን ሲያጸዳ የ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መርኩሪ ማርክ 20ኤች፣ የውድድር የጀልባ ሞተር ሰጠኝ። ገመዱን ስስበው ይነሳል ግን ጀልባዋን አይገፋም። ትልቅ ፕሮፔለር ልግዛለት?

መልስ፦ ኧረ ተው ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ! ይሄ ሞተር ባለ 2 ሲሊንደር ነው፣ 325 ሲሲ አካባቢ፣ እና እንደነገርከኝ ከሆነ በአንዱ ብቻ እየሰራ ይመስለኛል። ትንሽ አስነሳውና አጥፍተህ ሁለቱንም ካንዴላ (እሳት የሚረጩትን) ፍታቸው፣ አንዱ ቡናማ ሆኖ ሌላው ጥቁርና በቤንዚን የራሰ ከሆነ የራሰው ጋ እሳት አልደረሰም ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቦቢናው (ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ጥቅል ሽቦ) ተሰንጥቆ ወይ ፑንቲናው (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚያቋርጠው) ዝጎ ነው። ፑንቲናውን ለማየት ቮላኖውን (ከላይ ያለውን ከባድ ተሽከርካሪ ጎማ) ስታወጣ በመንቀያ አውጣ፣ በመዶሻ የነካኸው እንደሆነ ግን አልቅሰህ ነው የምትመለሰው። ኮምፕሬሽኑንም (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) ለካ፣ ሁለቱ ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ካልሆኑ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ሳያልቅ አይቀርም።

ፕሮፔለሩን ደግሞ መስታወት ላይ አጋድመህ ሽቦ አንድ ቦታ አቁምና አዙረው፣ ሁሉም ክንፍ ሽቦውን እኩል መንካት አለበት፣ አንዱ ክፍተት ካሳየ ተጣሟል።

ፍጥነቱን በሂሳብ ማየት ከፈለግህ፣ በአንድ ዙር 30 ሴንቲሜትር የሚገፋ ፕሮፔለር በደቂቃ 6000 ቢዞር በወረቀት ላይ በሰዓት 108 ኪሎሜትር ነው፣ ውሃው ስለሚያንሸራትተው ግን ከዚያ ያንሳል። ትልቅ ብትገጥምለት ዙሩ ይወርድና ጭራሽ ይታነቃል።

ያለ ውሃ ደግሞ እንዳታስነሳው አደራ!