ባክቴሪያው በወተት ውስጥ አላድግ ሲላችሁ

የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያን ለማጥናት ለተነሳችሁ ወጣቶች፦

ባክቴሪያው በወተት ውስጥ አላድግ ሲላችሁ ሙቀቱንና ፒኤቹን ለመነካካት አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ አሚኖ አሲዱን ከየት እንደሚያገኝ ጠይቁ። አብዛኞቹ ዝርያዎች ብዙ አሚኖ አሲዶችን ራሳቸው መሥራት አይችሉም፤ ወተት ውስጥ ያለው ነጻ አሚኖ አሲድና አጫጭር ፔፕታይድ (የተያያዙ አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት) ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው አማራጭ በዋናነት ኬዚን ነው፤ ከወተቱ ፕሮቲን 80 በመቶ ገደማ።

ከእነዚህ ባክቴሪያዎች በደንብ የተጠናው ላክቶኮከስ ላክቲስ ነውና እሱን እንደ ምሳሌ ያዙ። ኬዚኑን የሚቆርጠው ፒአርቲፒ የተባለ ፕሮቲኔዝ (ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም) ሲሆን ከህዋሱ ግድግዳ ጋር ተያይዞ በውጭ በኩል ይሠራል። 209 አሚኖ አሲድ ያለውን ቤታ ኬዚን የተባለውን አንዱን የኬዚን ዓይነት ብቻ ከ100 በላይ ዓይነት ፔፕታይድ አድርጎ ይከታትፈዋል። ከእነዚህ 4ና ከዚያ በላይ አሚኖ አሲድ ያላቸውን ኦፕ የተባለው አጓጓዥ የህዋሱን የኃይል ምንጭ ኤቲፒን ተጠቅሞ ወደ ውስጥ ያስገባቸዋል። ቀሪውን ሥራ የሚጨርሱት ውስጥ ያሉት ፔፕታይድ ቆራጭ ኢንዛይሞች፣ ፔፕቲዴዞች ናቸው። ኬዚን ፕሮሊን የተባለው አሚኖ አሲድ ስለሚበዛበት ተራዎቹ ፔፕቲዴዞች እዚያ ላይ ይሰናከላሉ፤ ያን ጊዜ ፕሮሊን ባለበት የሚቆርጠው ፔፕቲዴዝ፣ ፔፕኤክስ ያስፈልጋል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከፒአርቲፒ ነው። ጂኑ በላክቶኮከስ አብዛኛውን ጊዜ በፕላዝሚድ (ከክሮሞሶም ውጭ ባለ ትንሽ ዲኤንኤ) ላይ ይገኛል። እንደ ኤም17 ባለ የተደላደለ የላቦራቶሪ ማሳደጊያ ምግብ ውስጥ ደጋግማችሁ ስታዛውሩ ኢንዛይሙ ስለማያስፈልግ ፕላዝሚዱን የጣሉት ህዋሶች ይበዛሉ። እነዚህን ወደ ወተት ብትመልሷቸው እድገታቸው ፕላዝሚዱን ከያዙት ሩብ ብዙም አያልፍም።

ለማጣራት ስብ አልባ ወተት በአራት ቱቦ ቅዱና ለእያንዳንዱ 1 በመቶ ዘር (የምትመረምሩትን ባክቴሪያ) ጨምሩ። አንዱ ሌላ ነገር ሳይጨመርበት ይቅር፤ ሁለተኛው 0.25 በመቶ የኬዚን ሃይድሮላይዜት (አስቀድሞ የተከታተፈ ኬዚን)፣ ሦስተኛው 0.5 በመቶ ግሉኮስ፣ አራተኛው ሁለቱንም ይያዝ። በሃይድሮላይዜት ብቻ ካደገ የጠፋው ፕሮቲኔዙ ነው። በግሉኮስ ብቻ ካደገ የጠፋው የወተቱን ስኳር፣ ላክቶስን መጠቀሚያው ነው፤ እሱም በፕላዝሚድ ላይ ሊሆን ይችላልና አትደነቁ። አራተኛው ብቻ ካደገ ሁለቱም ጠፍተዋል።

ከኬዚኑ የተቆረጠውን ፔፕታይድና አሚኖ አሲድ መጠን በኦፒኤ (ከአሚኖ ቡድን ጋር ተዋህዶ ብርሃን የሚመጥ ውህድ በሚሠራ ኬሚካል) ስትለኩ 2.5 ሚሊ ሊትር ናሙና ከ5 ሚሊ ሊትር 0.75 ሞላር ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ (ትላልቁን ፕሮቲን ከሚያዘቅጠው) ጋር ቀላቅሉ፤ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ አጥልሉ። ከጥላዩ 0.15 ሚሊ ሊትር በ3 ሚሊ ሊትር ኦፒኤ ላይ ጨምሩና በ2ኛው ደቂቃ በ340 ናኖሜትር የብርሃን ምጠቱን አንብቡ፤ ውህዱ ስለሚፈርስ አታዘግዩት። ዘር ያልገባበት ወተት ንባብ ካልተቀነሰ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ኦፒኤ ፕሮሊንን አያይም። ደግሞም የሚለካው ውጭ የቀረውን ነው፤ አነስተኛ ንባብ ሁልጊዜ ደካማ ኢንዛይም ማለት አይደለም፣ ህዋሱ ፔፕታይዱን በልቶት ሊሆን ይችላል።

የኢንዛይሙን አቅም ለመለካት ህዋሱን በወተት አሳድጉት። ፔፕታይድ በበዛበት ምግብ ኮድዋይ የተባለው ተቆጣጣሪ ጂኑን ያፍነዋል። ስታጥቡም ካልሲየም ያለበት ቡፈር (ፒኤችን የሚያረጋ ፈሳሽ) ተጠቀሙ፤ ካልሲየም ከሌለ ፒአርቲፒ ራሱን ቆርጦ ከግድግዳው ይለቅና ከእጥበቱ ጋር ይደፋል። ፎስፌት ቡፈር ካልሲየሙን ስለሚያዘቅጠው እዚህ አይሆንም።