መልስ፦ ውኃ ውስጥ በፍላሽ ሳነሳ ፎቶው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ የሚበዛው ለምንድን ነው?

ሌንስህ ደህና ነው። የካሜራው ፍላሽ ከሌንሱ አጠገብ ስለሆነ፣ ውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ነገር ሁሉ ፊት ለፊት ያበራዋል። ይህን የካሜራውን ፍላሽ አጥፋው።

ውጫዊ ፍላሽ ካለህ፦
1. ፍላሹን ከካሜራው ጋር የሚያያይዘውን ክንድ ወደ ጎን በደንብ ዘርጋው።
2. የፍላሹ ፊት ከሌንሱ መስታወት ትንሽ ወደ ኋላ ይቅር።
3. ጥቂት ወደ ውጭ አዙረው፤ ዓሣውን የሚነካው የብርሃኑ ዳር ብቻ ይሁን።

ከሁሉ በላይ ግን ወደምታነሳው ነገር ቅረብ። ከ1 ሜትር አትራቅ፤ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነማ እሰየው። ዙም እዚህ አያዋጣም፤ በመሃል ያለው ውኃ እንዳለ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ስትጠጋ የእግር መቅዘፊያህ አሸዋውን ከነካ ደለሉ ይነሳና የትኛውም የፍላሽ አቀማመጥ አያድንህም። ፊትህን ወደ ውኃው ፍሰት አዙረህ ቅረብ፤ የተነሳው ወደ ኋላህ ይሄዳል።