በረሃው፣ ሕፃኑና ሦስቱ ዘራፊዎች

ጥያቄ፦ ጆን ዌይን የሚሠራበትን «ስሪ ጎድፋዘርስ» የተባለ የካውቦይ ፊልም አይቼ እጅግ ወደድኩት። ታሪኩ ከዚያ በፊትም በባለድምፅ ፊልም ተሠርቶ እንደነበር ሰማሁ። የቀድሞው በምን ይለያል? ፈልጎ ማየቱስ ይጠቅማል?

መልስ፦ ክቡር አንባቢያችን፣ ፈልገው ቢያዩት አይቆጩም። ታሪኩ ፒተር ካይን እ.ኤ.አ. በ1913 ካሳተመው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ባንክ ዘርፈው በረሃ የገቡ ሽፍቶች ምጥ የያዛት ሴት ያገኛሉ፤ እርሷም ስትሞት የክርስትና አባት እንዲሆኑት ተማጽና ሕፃኑን በአደራ ትሰጣቸዋለች። ይህን ታሪክ ድምፅ አልባው ሲኒማ አስቀድሞ ሠርቶበታል። በባለድምፅ ፊልም የቀደመው ግን ዊሊያም ዋይለር በ1929 ለዩኒቨርሳል ያዘጋጀው «ሄልስ ሂሮስ» ነው።

በዚያን ጊዜ የካሜራው ጩኸት ወደ ማይክሮፎን እንዳይገባ ካሜራው ከነባለሙያው በታፈነ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ ስለነበር፣ አብዛኞቹ አዘጋጆች ከስቱዲዮ መውጣትን ይሸሹ ነበር። ዋይለር ግን ያንኑ ሳጥን ይዞ ሞሃቪ በረሃ ወረደ፤ በተዋናዮቹ ፊት ላይ የሚታየው ድካምም ከዚያው ሙቀት የመጣ ይመስላል።

ዋናው ልዩነት አጨራረሱ ላይ ነው። በዋይለር ፊልም ሽፍቶቹ በዝርፊያው የገደሉት የባንክ ሠራተኛ የሕፃኑ አባት ሆኖ ይገኛል። ቻርልስ ቢክፎርድ የሚጫወተው ቦብ ብቻውን ሲቀር፣ ውኃው የተመረዘ መሆኑን እያወቀ ይጠጣል፤ መርዙ እስኪጥለው ድረስ ባለችው ጥቂት ጊዜ ሕፃኑን ተሸክሞ ይጓዛል፤ በገና ዕለትም ከዘረፋት ከተማ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሕፃኑን አስረክቦ ይሞታል። የገደለው ሰው ልጅ በእርሱ ሞት እንዲተርፍ ተደርጓልና፣ እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ይህን ነው።

የሪቻርድ ቦሌስላቭስኪ የ1936 ፊልምም የመርዙን ውኃ አላስቀረም። እርስዎ ባዩት፣ ጆን ፎርድ በ1948 በቀለም በሠራው ፊልም ግን በዝርፊያው የሚገደል ሰው የለም፤ ቦብም ተርፎ ቀላል እስራት ይፈረድበታል። ፎርድ የሰብአ ሰገልን ታሪክ በግልጽ እያነሣ ምሕረትን ስለሚተርክ፣ ፊልሙ የሚያጽናና ቢሆንም የበደሉን ክብደት አቅልሎታል። የአሸዋው ነፋስ ሰዎቹን ሲሸፍናቸው የሚታየው ምስል ግን የማይረሳ ነው። ፎርድ ፊልሙን መታሰቢያ ያደረገው በድምፅ አልባው ዘመን ይህንኑ ታሪክ ለተጫወተው ለሃሪ ኬሪ ሲሆን፣ ትንሹን ሽፍታ የሚጫወተውም የኬሪ ልጅ ነው።

የዋይለሩ 70 ደቂቃ ስለማይሞላ፣ እርሱንና የፎርዱን በአንድ ምሽት አከታትለው ቢያዩአቸው ልዩነቱ ጎልቶ ይታይዎታል።