የቱን መኪና ልያዝ ላለኝ ልጅ

የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት መጥቶ «ጋሼ፣ የመኪና ጌም ውድድር ልንገባ ነው፤ የቱን መኪና ልያዝ?» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እጄ ከግሪስ አልወጣም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ መኪና ሲያነጥስ ከሰማሁ የትኛው ካንዴላ እንደሞተ ለመለየት ጆሮዬን አቀናለሁ። ጌም የሚባለውን ግን በእጄ ይዤ አላውቅም። ልጁ የጠየቀኝ መካኒክ ስለሆንኩ ነው። «ቆይ፣ አስቤበት እነግርሃለሁ» ብዬ ሸኘሁት። ከዚያ ወዲያ ግን ስለ መኪና አላሰብኩም። ከሃያ ዓመት በፊት ፕሪየስ የሚባል መኪና ይዞ ጌም ውድድር የገባ አንድ ልጅ ነው በሐሳቤ ሲመላለስ የሰነበተው።

መልሱን ለእሱ ብቻ ከምነግረው ለእናንተም ይሁን ብዬ ጻፍኩት። ተማሩ፣ ከሱስ ራቁ፣ እናት አባታችሁን አክብሩ የሚለውን ዘልዬዋለሁ። እሱን ቤታችሁ ትሰሙታላችሁ፤ ቤቱ ያልሰማም እኔ ስለጻፍኩት አይሰማም።

ዘመኑ 1998 ዓ.ም. ገደማ ነው። ደሴ ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ጌም ቤት ነበር። በሩ ላይ ብርድ ልብስ እንደ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ውስጥ ሁለት ወፍራም ቴሌቪዥን፣ ፕሌይስቴሽን 2፣ ገመዳቸው በፕላስተር የተጠቀለለ ጆይስቲኮች። አብዛኛው ልጅ የሚጫወተው ኳስ ነው። ጥቂቶቹ ግን ግራን ቱሪስሞ 4 የሚባል የመኪና ውድድር ጌም ላይ ተተክለው ይውላሉ። ከ700 በላይ መኪና አለበት ይሉኝ ነበር። የጀርመኑ ኑርበርግሪንግም አለበት፤ 20 ኪሎ ሜትር አለፍ የሚል፣ ጫካ ለጫካ እየተጠማዘዘ የሚወጣና የሚወርድ መንገድ። የደሴ ልጆች ኑርበርግሪንግ ማለት ስለከበዳቸው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስም «ሐረጎ» አሉት። «ዛሬ ሐረጎን በስንት ጨረስከው?» ሲባባሉ ለሰማቸው እውነተኛ ሾፌሮች ይመስላሉ።

በዚያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ አንድ ረዳት ነበረኝ። ከሐይቅ የመጣ፣ ዝምተኛ፣ እጁ የማይቦዝን ልጅ ነው። አመሉ ጥያቄ ነው። ሥራ ላይ ዝም ይልና፣ ዝም ይልና፣ ምሳ ልትጎርስ ስትል አንድ ነገር ይጠይቅሃል፤ እንጀራው እጅህ ላይ ይደርቃል።

አንድ ቀን ዕቃ ልናመጣ በአሮጌ ፒክአፕ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። እውነተኛውን ሐረጎ የማያውቅ ካለ ልንገረው፦ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ኮምቦልቻ 1,800 ሜትር ግድም። ያን ሁሉ ከፍታ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጥምዝምዝ መንገድ ነው የምትወርደው። የአሰብ መስመር የድሮ ሾፌሮች፣ እነዚያ ኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና እየነዱ ያረጁት፣ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉ ነበር። አንዱን አስታውሳለሁ፤ ቁልቁለቱ ሳይጀምር መኪናውን ጥግ ያስይዝና ቡና ያዛል። ለምን ሲሉት «ታች ከደረስኩ በኋላ ለመጠጣቴ ዋስትና የለኝም» ይላል። በዚያ መስመር ሲመላለስ ኖሮ አልጋው ላይ ነው የሞተው፣ አላህ ይማረው።

ያን ቀን የኛ ፒክአፕ ፍሬን ሸተተ። አንድ ኩርባ ላይ ቆመን እስኪበርድ ስንጠብቅ ልጁ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ መዳፉን ወደ ቸርኬው አስጠጋና «ጋሼ፣ ይሄ ሙቀት እኮ ስንወጣ ያቃጠልነው ናፍጣ ነው። አሁን የት ነው የሚሄደው?» አለኝ። «ወደ ጦሳ ተራራ» አልኩት፤ ሳቅን። እሱ ግን የሳቀው ለእኔ ብሎ እንደነበር በኋላ ነው የገባኝ። ጥያቄው አልለቀቀውም። ከየት እንዳነበበ እንጃ፣ ከሳምንታት በኋላ መጥቶ ጃፓኖች ያንን ሙቀት የማይጥል መኪና እንደሠሩ ነገረኝ። ፍሬን ስትይዝ የኤሌክትሪኩ ሞተር እንደ ጄኔሬተር ይዞርና ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ እንደ ገና ስትነሳ ያንኑ ትጠቀማለህ። ስሙ ፕሪየስ። በእውን አይቶት አያውቅም፣ እኔም አላየሁትም። ጌሙ ውስጥ ግን አለ።

ነገር ላንዛዛና፣ ፕሪየስና የመጀመሪያው ግራን ቱሪስሞ ጃፓን ውስጥ የወጡት በአንድ ወር ነው፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1997። ይሄን የነገረኝም እሱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ይለቅም ነበር።

ጌም ቤቱ ለገና ውድድር አዘጋጀ። ሽልማቱ 200 ብርና የአንድ ወር ነፃ ጨዋታ። ሁሉም የየራሱን ሚሞሪ ካርድ ይዞ ይመጣል፤ ካርዱ ላይ ካለው የጌም ጋራዡ የፈለገውን መኪና ያወጣል፤ ከኮምፒዩተሩ ጋር አንድ ውድድር ይሮጣል። ባለፈው ዓመት በዚህ ዓይነት ሁሉም አንደኛ እየወጣ ማን አሸነፈ የሚለው ጠብ ሆኖ ነበር። ስለዚህ የጌም ቤቱ ባለቤት ዘንድሮ ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ጻፈ፦ «አንደኛ ከወጡት ውስጥ ብዙ ነጥብ ያመጣ ይሸለማል።» ጌሙ ነጥብ እንደሚሰጥ ሰምቷል። ነጥቡ በምን እንደሚሰጥ ግን አልጠየቀም፤ የፈጠነ ብዙ ያገኛል ብሎ ነው ያሰበው።

ግራን ቱሪስሞ 4 ነጥብ የሚሰጠው በግልባጩ ነው። መኪናህ ከተፎካካሪዎችህ ይልቅ ጠንካራ ከሆነ ብታሸንፍም ፍርፋሪ ነው የምታገኝ። ደካማ መኪና ይዘህ ካሸነፍክ ነጥቡ ይቆለላል፤ ለአንድ ውድድር እስከ 200 ይደርሳል። ይሄ የተደበቀ ነገር አይደለም። ሳትነሳ በፊት ብታሸንፍ ስንት እንደምታገኝ ስክሪኑ ላይ ይጽፍልሃል። እዚያ ቤት የሚውሉት ልጆች ሁሉ ያችን ቁጥር ሲያይዋት ነው የኖሩ፤ ማስታወቂያ እንደሚዘለል እየዘለሏት።

እኔ የሄድኩት እሑድ ከሰዓት ሥራ ስለሌለና ልጁ «ጋሼ ይምጡ» ስላለኝ ነው። ስካይላይን ያወጣ ነበር፣ ሱፕራ ያወጣ ነበር፤ ሁለቱም ፈጣን የጃፓን መኪኖች ናቸው። ሁለት ቱርቦ ያለው 2.6 ሊትር ስካይላይን ከተነሳ በኋላ ተፎካካሪዎቹን ያየ የለም። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የኔ ልጅ ተራው ደርሶ ፕሪየሱን ሲያወጣ ግን ሳቁ እስከ ውጭ ተሰማ። «የባለሥልጣን ሚስት መኪና!» አለ አንዱ። የቤንዚን ሞተሩ 1.5 ሊትር፣ 76 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ከፊቱ የተደረደሩት ስፖርት መኪኖች ናቸው።

ሞተሩን አልነካውም። ጎማውን ብቻ ነው የቀየረ፤ ለስላሳ የውድድር ጎማ አድርጎበታል። መካኒክ ስለሆንኩ ያን ጊዜ ነው ቀና ብዬ የተቀመጥኩት። ቀጥታው መንገድ ላይ ይጥሉታል፤ ከፊቱ ያለው መኪና አየሩን ሲሰነጥቅለት ከኋላው ተለጥፎ ይሄዳል እንጂ አይደርስባቸውም። ኩርባ ሲመጣ ኮምፒዩተሩ የሚነዳቸው መኪኖች ገና ከሩቅ ፍሬን ይይዛሉ፤ እሱ ግን አይይዝም፣ አይይዝም፣ ከዚያ አንዴ ይይዝና በውስጥ በኩል ሹልክ ይላል። ጆይስቲኩን እንደ እንቁላል ነው የያዘው፤ አውራ ጣቱ ሲንቀሳቀስ አይታይም። በየዙሩ አንድ፣ አንድ መኪና ለቀመ። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። የመጨረሻው ኩርባ ላይ አንደኛውን በጎኑ ተደግፎት ነው ያለፈ፤ አይቻለሁ፣ አልዋሽም። ጌሙ ለዚያ አይቀጣም። በጥቂት ክንድ ርቀት ቀድሞ ገባ። ነጥቡ ከመቶ በላይ ነበር፤ ባለ ስካይላይኑ ያመጣው በጣት የሚቆጠር።

ከዚያ ግርግር ሆነ። «በጋሪ ተወዳድሮ!» «ተደግፎ ነው ያለፈ!» «እኛ የፈጠነ ይሸለማል ብለን ነው የገባነው!» ሰውየው ካርቶኑን እያየ ላብ በላብ ሆነ። ባለ ስካይላይኑ የሰፈሩ ልጅ ነው፣ ወንድሞቹም አሉ። እዚያ ቤት ውስጥ ሽበት ያለው እኔ ብቻ ነኝና «ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አሉኝ።

እኔ ወሎየ ነኝ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚቀመጠው ሁለት ሰው ተቃቅፎ እንዲነሳ ነው። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ረከቦት ዙሪያ የሚታረቅበት አገር ነው። እኔም ያደግኩበትን አደረግኩ፦ «ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ፤ ብሩን እኩል፣ ወሩንም አሥራ አምስት አሥራ አምስት ቀን ተካፈሉ» አልኩ። ሁሉም አጨበጨበ። ተሳሳሙ። ቡና ሁሉ ተጠጣ።

ልጁ መቶ ብሩን ተቀበለ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ፣ ሚሞሪ ካርዱን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ሰኞ በሰዓቱ ሥራ ገባ። ማክሰኞም። ምሳ ስንበላ እንጀራዬ እጄ ላይ መድረቁን አቆመ። ምንም አይጠይቅም። አድርግ ያልኩትን ያደርጋል፣ ያዝ ያልኩትን ይይዛል፤ ትኅትናው አልጎደለም፣ ሥራው አልጎደለም። ከዓመት በኋላ አዲስ አበባ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

ዛሬም ቢሆን ፍርዴ ጥፋት ነበር ብላችሁ አትይዙኝም። ያን ቀን ዱላ ሊነሳ ይችል ነበር፤ አልተነሳም። ሰላም በመቶ ብር ርካሽ ነው። ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈ ነገር ነበር፤ ያን የተጻፈውን እስከ መጨረሻው ያነበበው ደግሞ አንድ ልጅ ብቻ ነው። ያነበበውንና ያላነበቡትን እኩል አደረግኳቸው። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ባለ ስካይላይኑን አላስበውም።

በፈረንጆቹ 2012 በፈረንሳዩ የሌማን የ24 ሰዓት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሃይብሪድ፣ ማለትም እንደ ፕሪየስ በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄድ መኪና፣ አሸነፈ፤ ኦዲ አር18 ኢ-ትሮን ኳትሮ። የዚያኑ ዓመት ጃፓን ውስጥ ፕሪየስ የሚል ስም የያዘ መኪና ሱፐር ጂቲ የሚባለው የመኪና ውድድር ውስጥ ገባ። ዜናውን ሳይ መጀመሪያ የመጣብኝ ያ ልጅ ነው። (ያ የውድድር ፕሪየስ ሃይብሪድነቱ ባይቀርም መሐሉ ላይ ቪ8 ሞተር ነበር የተሸከመው። እሱ ቢሰማ ይስቅ ነበር።) በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ደሴ ውስጥም ድምፅ የሌላቸው መኪኖች ሽው ሲሉ አያለሁ። ሐረጎን ሲወርዱ ባትሪያቸው እየሞላ ነው የሚወርዱ። ሙቀቱ የት ይሄዳል ላለኝ ልጅ ጦሳ ብዬ መልሼለት ነበር እኮ።

እናንተ የዛሬ ልጆች ከኛ ትፈጥናላችሁ፣ ይሄን አልክድም። አንድ ደቂቃ ቪዲዮ አይታችሁ ሞተር ትፈታላችሁ። ችግሩ ስትገጥሙት ቡሎን ይተርፋችኋል። ደንብም አታነቡም፤ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጭናችሁ ታልፋላችሁ። ያም ሆኖ ሌላውን የሚያስጨንቅ፣ ሁሉን ነገር «የተጻፈው ይሄ ነው» እያለ የሚከራከር ልጅም አልወድም፤ ከእንደዚህ ያለ ሰው ጋር ጋራዥ አይከፈትም። እርስ በርሱ ይጋጫል ካላችሁ ይጋጭ። ያ ልጅ አልተከራከረም፤ ቢከራከረኝ ኖሮ ምናልባት እሰማው ነበር፣ ምናልባትም «ዝም በል» እለው ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አንተ የምትጫወተው አዲሱን ግራን ቱሪስሞ ነው፤ መኪኖቹን ፒፒ በሚሉት የአቅም ቁጥር እየመዘነ እንደሚያስገባ አንተው ነግረኸኛል። ስለዚህ አስቀድመህ እነዚህን ጠይቅ፦ የፒፒው ጣሪያ ስንት ነው? ስንት ዙር ነው? ነዳጅና ጎማ ያልቃል ወይስ አያልቅም? ነዳጁ ቶሎ እንዲያልቅ ካደረጉትና ዙሩ ብዙ ከሆነ ያቺን የሚሳቅባትን ሃይብሪድ ያዝ፤ ሌሎቹ ነዳጅ ሊቀዱ ሲገቡ አንተ ትሄዳለህ። ሦስት ዙር፣ ነዳጅ የማያልቅበት፣ ረጅም ቀጥታ ያለው ከሆነ ተዋት፤ ጀግንነት አይደለም፣ ትቀራለህ። በሁለቱም ቢሆን ከሞተሩ በፊት ጎማው ላይ ገንዘብህን አውጣ።

ሌላው፣ መደገፍ ይቻላል ወይ የሚለውን፣ መብራት መሐል ላይ ከጠፋ ምን እንደሚደረግ፣ አንደኛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሳትጀምሩ ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙበት። ዳኛውንም ያኔውኑ ምረጡ፤ ጌሙን የሚያውቅ ሰው ይሁን። ሽበት አይታችሁ እኔን እንዳትጠሩ። ለማየት ከሆነ እመጣለሁ፣ እሑድ ከሰዓት ሥራ የለኝም።