በናይትሮጅን የቀዘቀዘ የፍሬን ዲስክ መንቀጥቀጥ ያቆማል?

ጥያቄ፦ በፍጥነት እየነዳሁ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። የፊት ዲስኮቹን ብቀይርም ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ መጣ። በፈሳሽ ናይትሮጅን የቀዘቀዘ ዲስክ አይጣመምም አሉኝ። የሞተሩንና የካምቢዮውን ዕቃዎችስ አብሬ ላስቀዝቅዝ?

መልስ፦ ለዲስኩ ብለው ገንዘብ አያውጡ። የካምቢዮ ጥርስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ብረቱ ላይ ነው።

ካርቦን የበዛበት ብረት ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር አብዛኛው ክፍሉ ማርቴንሳይት ወደሚባለው ጠንካራ መልክ ይለወጣል። ከፊሉ ግን ኦስቴናይት እንደሆነ፣ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። እስከ -196 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲቀዘቅዝ ከዚህ ቅሪት ብዙው ይጠነክራል፤ ብረቱም በመፋተግ ቶሎ አይበላም። ለመቁረጫ መሣሪያዎች የሚጠቅመውም በዚህ ነው። ሥራው ግን የሚያምረው ፋብሪካው ብረቱን እንዳጠነከረ ወዲያው ሲከናወን ነው፤ ኦስቴናይቱ ከቆየ ለመለወጥ ያስቸግራል። ከቅዝቃዜው በኋላም መልሶ በመጠኑ ማሞቅ ግድ ነው፤ አለበለዚያ አዲሱ ማርቴንሳይት ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ያገለገለ ጥርስ ማስቀዝቀዝ አልመክርም፤ ስንጥቅ ካለበትም ቅዝቃዜ አይደፍነውም። የአልሙኒየም ፒስተንና ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ውስጥ ደግሞ እንዲህ የሚለወጥ ነገር የለም።

የተለመደው ዲስክ ካስት አይረን፣ ማለትም ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው። እንደ ጥርስ ተነክሮ ስላልጠነከረ የሚለወጥ ኦስቴናይት አይተርፈውም። በመበላቱ ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም ውጤታቸው አንድ ዓይነት አይደለም።

የእርስዎ መንቀጥቀጥ ከወራት በኋላ መመለሱ ብዙ ይናገራል። ዲስኩ ዝገት ባለበት ሞዞ (ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበት ክፍል) ላይ ሲታሰር በጥቂቱ ያዘነብላል። ፍሬን ሳይያዝ እንኳ በእያንዳንዱ ዙር ያው ቦታ የፍሬን ሸራውን እየነካ ይሳሳል፤ ውፍረቱ በመቶኛ ሚሊ ሜትሮች ሲለያይ መሪው ላይ ይሰማዎታል። ሰው ዲስኩ ተጣመመ ይላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ይኸው የውፍረት ልዩነት፣ ወይም ዲስኩ ላይ ቦታ ቦታ የተጣበቀ የሸራ ቅሪት ነው።

ሞዞውን ንጹሕ ብረት እስኪታይ በሽቦ ብሩሽ ያስጠርጉ። ዲስኩ በዳዶ ታስሮ እየዞረ በዲያል ጌጅ (ጥቃቅን መወላገድን በሚያሳይ መለኪያ) ይለካ፤ በብዙ መኪኖች ከ0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ በላይ መወላገድ አይፈቀድም፣ የመኪናዎን ልክ ከማኑዋሉ ያረጋግጡ። ካለፈ ዲስኩን አንድ ቀዳዳ አዙረው እንደገና ያስለኩ። ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር ፒኖች ያለችግር መንሸራተታቸውንም ያሳዩ። የጎማው ዳዶ በአየር መፍቻ እንዲጠብቅ አይፍቀዱ፤ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ መፍቻ፣ በመስቀለኛ ተራ፣ ደረጃ በደረጃ ይጥበቅ።