ጮቄ ለመውጣት፦ መቼ? በየት?

ጥያቄ፦ ለመስቀል ሰሞን ሁለት ልጆቼን ይዤ ምሥራቅ ጎጃም ያለው ጮቄ ተራራ ልወጣ አስቤያለሁ። ጅብራው አብቦ እናገኘው ይሆን? በአንድ ቀን ደርሶ መመለስስ ይቻላል? ችግኙን አምጥቼ ጓሮዬ ብተክለው ይጸድቃል?
(አንባቢያችሁ፣ ከደጀን)

መልስ፦ እባክዎ ችግኙን አይንቀሉት። ጅብራ ከ3,000 ሜትር በላይ ብርድና ውርጭ ለምዶ የሚኖር፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ ተክል ነው፤ የደጀንን ሙቀት አይችልም። ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ ሲዘረጋ ይቆይና አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝም የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ ዘሩን በትኖ ይደርቃል። የሚያድገው ከመሐል እምብርቱ ብቻ ነው። ፎቶ ለመነሳት ልጅ ሲቀመጥበት እምብርቱ ከተሰበረ ዘር ሳይሰጥ ይሞታል፤ የዚያ ሁሉ ዓመት ዕድገት ከንቱ ይቀራል። ልጆቹ ከመኪና ሳይወርዱ ይህን ይንገሯቸው።

በአንድ ዓመት የሚያብቡት ከጅብራዎቹ የተወሰኑት ናቸው። አንዱ ሸንተረር ላይ ካጡ ሌላውን ይቃኙ። አስታና አሜጃ የሚባሉት ቁጥቋጦዎችም እዚያው አሉ፤ የአስታው አበባ ነጭና ደቃቅ፣ የአሜጃው ደማቅ ቢጫ ነው። በመስቀል ዝናቡ ገና ጨርሶ ስላልወጣ የጠጠሩ መንገድ ይጨቀያል። አደዩ ሳያልፍ ጅብራውንም ለማየት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ያለውን ሳምንት እንመርጣለን። ከኅዳር ወዲያ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ የሌሊቱ ውርጭ ግን ይበረታል።

በአንድ ቀን ደርሶ መመለሱን አንመክርም፤ ደብረ ማርቆስ ይደሩ። ከተማው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ጮቄ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በመኪና በጥቂት ሰዓት ይህን ያህል ሲወጣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል። ልጅ ምግብ እምቢ ካለ ወይም ካስመለሰው ማስታገሻ ሰጥቶ መጠበቅ ሳይሆን ወዲያው ቁልቁል መውረድ ነው መድኃኒቱ። ብርዱም ከማርቆሱ 10 ዲግሪ ገደማ ይብሳል፦ ወፍራም ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ፣ ባርኔጣ (ፀሐዩም ያቃጥላል)፣ ለእያንዳንዱ ሰው 2 ሊትር ውሃ።

ከማርቆስ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሱ፤ ከቀትር በኋላ ጉም ሲወርድ መንገድ ይጠፋል። በሮብ ገበያ አድርጎ ወደ ዲጎ ጽዮን የሚሄደው መንገድ ተራራውን ያቋርጣል። በሕዝብ መኪና ከሄዱ የመመለሻውን ሰዓት ከሹፌሩ ጋር ሳይነጋገሩ አይውረዱ፤ የመንገዱንም ሰላም አስቀድመው መናኸሪያ ይጠይቁ።

የአገሬውን ሰው ከፍለው መንገድ መሪ ያድርጉ። ጓሳ በሚባለው የደጋ ሣር ጉብታዎች መሐል ያለው ጉድጓድ በሣር ስለሚሸፈን ቁርጭምጭሚት ያዞራል፤ እሱ የከብቱን ዱካ ያውቃል። ለምለም ሜዳ የሚመስለውን ረግረግ ግን ዙሩት እንጂ አትርገጡት። እግር ይውጣል፤ ደግሞም የጨሞጋና የሙጋ ወንዞች የሚነሱት ከዚሁ ተራራ ምንጮች ነው።