መልስ፦ ከጨረር ሕክምና ጋር የጡት መልሶ ግንባታ

በአሜሪካ የምትኖረው ታናሽ እህትዎ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ከተነሣ በኋላ የጨረር ሕክምና ስለሚከተል፣ የሲሊኮን መተኪያ ይሻላታል ወይስ ከራሷ ሆድ የሚወሰድ አካል ብለው ጠይቀዋል።

በእኔ አመለካከት ምርጫውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ጨረሩ ነው። መተኪያው ጨረር ባገኘው ቆዳ ሥር ሲቀመጥ፣ ሰውነት በዙሪያው የሚሠራው ጠባሳ ጠንክሮና ተኮማትሮ ጡቱን ቅርጽ የማሳጣትና የማሳመም፣ እንዲሁም ኢንፌክሽን የመፍጠር ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ዕድሜ ልክ የሚያገለግልም ስላልሆነ ከዓመታት በኋላ ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ከታችኛው ሆድ ቆዳና ስብ ከነደም ሥሩ ተወስዶ፣ የደም ሥሮቹ በማይክሮስኮፕ እየታዩ ከደረት የደም ሥሮች ጋር የሚሰፉበት ዘዴ ግን ሕያው የሆነ የራሷ አካል በመሆኑ፣ ጨረር በጎዳው ቦታ ላይ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ቀዶ ሕክምናው ብዙ ሰዓት፣ ማገገሙም ሳምንታት ይወስዳል፤ በሆዷም ላይ ረጅም ጠባሳ ይቀራል። በቀዶ ሕክምና ወልዳ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያግዳትም፤ ሲጋራ የምታጨስ ከሆነ ግን አስቀድማ ማቆም አለባት።

ብዙ ሐኪሞች ጨረሩ ካበቃ በኋላ ቆዳው እስኪያገግም ከ6 እስከ 12 ወራት መጠበቅን ስለሚመርጡ፣ ዛሬውኑ ካልወሰንኩ ዕድሉ ያመልጠኛል ብላ እንዳትጨነቅ እባክዎ ይንገሯት። ጡቱን ሳያሠሩ መቅረትም ማንም ሊነቅፈው የማይገባ ምርጫ ነው።

ወጪውን በተመለከተ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ጡት የማንሣት ቀዶ ሕክምናን የሚሸፍኑ አብዛኞቹ የጤና መድኖች መልሶ ግንባታውንም፣ ሁለቱን ጡቶች ለማመጣጠን በሌላኛው ላይ የሚሠራውንም እንዲሸፍኑ ያስገድዳል።